ትንሿ ዓሣ እና ጭን ላይ ያረፈው እጅ

ቤትዎ ውስጥ ዕድሜያቸው ከስልሳ የዘለለ አባት፣ እናት ወይም አያት ካሉ፣ በሚቀጥለው የቡና ሰዓት አንድ ነገር ልብ ብለው ይመልከቱ። የሚመለከቱት ሲኒ የያዘውን እጅ ሳይሆን ጭን ላይ ያረፈውን፣ ሥራ የፈታውን እጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጥጥ እንደሚፈትል ሰው እርስ በርስ ይሻሻሉ? ያው እጅ ሲኒውን ሊቀበል ሲዘረጋስ መንቀጥቀጡ ጋብ ይላል? እንዲህ ያለው ምልክት ሁልጊዜ እርጅና አይደለም። ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል በሽታ በብዙ ሰው ላይ መጀመሪያ የሚታየው እንዲህ፣ እጅ ባረፈበት ሰዓት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ በሽታ እና ተመራማሪዎች በሽታውን ለመረዳት ስለሚጠቀሙባት አንዲት ትንሽ ዓሣ ነው። የዓሣዋ ርዝመት ከ4 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። "ዓሣና የአባቴን እጅ ምን አገናኛቸው?" ቢሉ አይፈረድብዎትም። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ነገር ግን ቃል ዕቃን እንዴት እንደሚሸጥ በየቀኑ ስለማይ፣ ስልኬ ላይ "የፓርኪንሰን ፈውስ ተገኘ" የሚል ርዕስ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ የተሞከረው በማን ላይ ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ "በአይጥ" ወይም "በዓሣ" ይሆናል። የዚህን መልስ ትርጉም የሚያውቅ ቤተሰብ በቀላሉ አይታለልም፤ ተስፋም አይቆርጥም።

በሽታው ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ ጻፈ። በሽታው ኋላ በስሙ ተጠራ። ዛሬ እሱ ያልደረሰበትን እናውቃለን። በአንጎላችን ሥር፣ ከቀለሙ የተነሳ "ጥቁሩ ክፍል" የተባለ ትንሽ ስፍራ አለ። እዚያ ያሉ የነርቭ ሴሎች ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታሉ። ዶፓሚን ሰውነታችን እንቅስቃሴን በወቅቱ እንዲጀምርና ሳይቆራረጥ እንዲቀጥል የሚያደርግ መልእክተኛ ነው። በፓርኪንሰን እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እጅ መንቀጥቀጥ በሚጀምርበት ጊዜ ከሴሎቹ ግማሽ ያህሉ አስቀድመው አልቀዋል።

ስለዚህ ምልክቱ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ቡና ሲቆላ ሽታው የማይደርሳቸው ሰዎች አሉ፤ የማሽተት አቅም መድከም መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል። የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መጮህና መራገጥም እንዲሁ ቀድመው ይመጣሉ። ከዚያ የእጅ ጽሑፍ ያንሳል፤ ድምፅ ይሰላል፤ ሲራመዱ አንደኛው ክንድ አይወዛወዝም፤ እግር መሬት እየጎተተ በአጫጭር እርምጃ ይሄዳል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ፊትም ስሜትን ማሳየት ያቆማል።

ይህ የመጨረሻው ምልክት ቤተሰብን ክፉኛ ይጎዳል። ደባርቅ የሚኖሩ የአባቴ ታላቅ ወንድም አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጎንደር ወርደው ታቦቱን እስከ ፋሲለደስ መዋኛ የሚሸኙ ሰው ነበሩ። አንድ ዓመት ከሕዝቡ ኋላ ቀሩ፤ በተከታዩ ዓመት ጭራሽ አልመጡም። አንዱ ጎረቤት "ኮርተዋል" አለ፤ ሌላው "ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው ጠሉ" አለ። ፊታቸው ፈገግ ማለት ስላቆመ የልጅ ልጆቻቸው "አያታችን ተቆጥተውናል" ብለው ይሸሿቸው ነበር። ጋሼ ግን አልኮሩም፣ አልተቆጡምም። ፊታቸውን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ትእዛዙ በወቅቱ አልደረሳቸውም። ይህን ለቤተሰቡ የነገረው የነርቭ ሐኪም ነው። የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላ ልጆቹ እንደገና ከአጠገባቸው መቀመጥ ጀመሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከፓርኪንሰን ጋር ይኖሩ ነበር። በአገራችን ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሕዝብን ቤት ለቤት ዞረው መርምረው ነበር። ያገኙት ቁጥር ከ100,000 ሰው 7 ያህል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ በሽታው ከዕድሜ ጋር የሚጨምር ስለሆነ ወላጆቻችን ረዥም ዕድሜ በኖሩ ቁጥር ጉዳዩ ወደየቤታችን መቅረቡ አይቀርም።

ለምን ዓሣ?

የሕያው ሰው አንጎል ተከፍቶ ሴሎቹ ሲሞቱ አይታይም። ተመራማሪዎች ለዚህ ነው በሽታውን በእንስሳ ላይ አስመስለው የሚያጠኑት። አይጥ የቆየች ባለውለታ ናት። ዜብራ ዓሣ ግን አይጥ የሌላት ጥቅም አላት።

ዜብራ ዓሣ የሕንድ፣ የባንግላዴሽና የኔፓል ወንዞችና የሩዝ ማሳዎች ዓሣ ናት። ስሟን ያገኘችው እንደ ሜዳ አህያ በተሰመረው ጎኗ ነው። በብዙ የዓለም ከተሞች ሰዎች ለጌጥ በመስታወት ገንዳ ያረቧታል። ጆርጅ ስትራይሲንገር የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ለዘረ መል ጥናት አስገባት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በሺህ በሚቆጠሩ ቤተ ሙከራዎች ትረባለች።

የምትመረጥበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። አንዲት እናት ዓሣ በአንድ ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ የሚያድገው ከእናቱ ሆድ ውጭ፣ ውኃ ውስጥ ነው። ጽንሱ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ልቡ ሲመታ፣ አንጎሉ ሲሠራ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ በአምስተኛው ቀን ገደማ ራሱን ችሎ ይዋኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዘረ መል ዝምድናው አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓሣዋ ሙሉ የዘረ መል ዝርዝር ታትሞ ሲወጣ፣ ከሰው ዘረ መሎች 70 በመቶ ያህሉ በእሷም ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታወቀ። ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎችም አሏት።

ሙከራው በአጭሩ እንዲህ ይካሄዳል። 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ የፕላስቲክ ሳህን ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ጫጩት ዓሣ ይገባል። ለተወሰኑት የዶፓሚን ሴሎችን የሚጎዳ መርዝ በውኃቸው ይጨመራል፤ ሌሎቹ ደግሞ ፓርኪንሰንን የሚያመጣ የዘረ መል ጉድለት ይዘው እንዲወለዱ ይደረጋል። ካሜራ ከላይ ሆኖ እያንዳንዱ ጫጩት ስንት ሚሊ ሜትር እንደዋኘ ይመዘግባል። የተመረዙት ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ በአንጎላቸው ያሉ የዶፓሚን ሴሎችም ሲያንሱ ይታያል። ከዚያ ለመድኃኒትነት የታሰበ ንጥረ ነገር ይጨመራል። ዓሣዎቹ እንደገና መዋኘት ከጀመሩ፣ ሴሎቹም ከተረፉ፣ ንጥረ ነገሩ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል። በአይጥ ወራትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ማጣሪያ እዚህ በቀናት ያልቃል።

ከዚህ ሙከራ ጀርባ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ወጣት የዕፅ ተጠቃሚዎች ድንገት ሰውነታቸው ደርቆ፣ መናገርም መንቀሳቀስም ተስኗቸው ሆስፒታል ገቡ። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ላንግስተን ሲመረምሯቸው የሚያዩት ሁሉ የሰባ ዓመት የፓርኪንሰን ታማሚ ምልክት ሆነባቸው። ሲጣራ በድብቅ የተሠራው ዕፅ ውስጥ ኤምፒቲፒ የተባለ ንጥረ ነገር ነበረ። አንድ ኬሚካል ብቻውን እነዚያን ሴሎች መርጦ ሊገድል እንደሚችል የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ያው ኬሚካል ከአይጥ እስከ ዜብራ ዓሣ ድረስ በሽታውን አስመስሎ ለማጥናት ይውላል።

ሳይንሱ አፍሪካንም መጠየቅ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 ናይጄሪያውያንና አፍሪካ አሜሪካውያን የተካፈሉበት ጥናት፣ ጂቢኤ1 በተባለው ዘረ መል ላይ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኝ፣ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ ልዩነት አሳይቷል። ይህ ዘረ መል ሲጎድል በአንጎል ላይ ምን እንደሚደርስ በእንግሊዝ ሼፊልድ በዜብራ ዓሣ ላይ ተጠንቶ ነበር፤ ዓሣዎቹ የዶፓሚን ሴሎቻቸውን አጥተዋል። በሌጎስ ሰው ደም ውስጥ የሚገኝ ምልክት ምን እንደሚሠራ በዓሣ አንጎል ይጠየቃል ማለት ነው።

ብርብራና የጣና ዓሣ

የዚህ ምርምር አንዱ ክር ወደ አካባቢያችን ይመልሰናል። ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢነዱ ጎርጎራ፣ የጣና ሐይቅ ዳር ይደርሳሉ። ገበያ ላይ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ያገኛሉ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእውነቱ ብዙ ዝርያ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። የዜብራ ዓሣም የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ።

ታዲያ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አንዳንድ አጥማጆች የብርብራ ፍሬ አድርቀው፣ ፈጭተው ውኃ ላይ ይበትናሉ። ዓሣው ይደነዝዝና ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ብርብራ የአገራችን ብርቅዬ ዛፍ ነው። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለ። ሮቴኖን በሴል ውስጥ ያለውን የኃይል ማመንጫ ያጠፋል፤ ዓሣው የሚደነዝዘው በዚህ ነው።

ይኸው ሮቴኖን በዓለም የፓርኪንሰን ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የታወቀ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለአይጦች በዝግታ ሲሰጧቸው የዶፓሚን ሴሎቻቸው ሞቱ፤ እንደ ፓርኪንሰን ታማሚም ደረቁ፣ ዘገዩ። ከዚያ በኋላ ዜብራ ዓሣም በሮቴኖን ተጠናች። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአሜሪካ ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሮቴኖን ወይም ፓራኳት የተባለውን የአረም መድኃኒት የተጠቀሙ ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት 2.5 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ።

እዚህ ላይ አይደንግጡ። በብርብራ የተያዘ ዓሣ የበላ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም። ሮቴኖን በሙቀትና በብርሃን ይፈርሳል፤ በሆድ በኩልም በቀላሉ አይሰርግም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ የተባይና የአረም መርዝ የሚረጭ ዘመድ ገጠር ካለዎት ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይግዙለት። የመርዙን ዕቃ አጥቦ ለውኃ መቅጃ ወይም ለዘይት ማስቀመጫ ማዋል ደግሞ በቤትም በገጠርም መቆም ያለበት ልማድ ነው። መርጨት የሚያስከትለው ጉዳት ያኔውኑ ላይታይ ይችላል፤ የዶፓሚን ሴሎች በሚሞቱበት ጊዜ አይጮሁም።

ብርብራ ሌላም ያስተምራል። ከአንድ ዛፍ ፍሬ የሚገድል ነገር ከተገኘ፣ ከሌላው ቅጠል የሚያድን ነገር ሊገኝ ይችላል። በ1947 ዓ.ም. የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የፋርማኮሎጂ ተመራማሪዎቹ የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን በአይጥ ላይ ሲፈትኑ ቆይተዋል። ዜብራ ዓሣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ርካሽ የመጀመሪያ በር ናት፤ አንድ ክፍል አይጥ የሚይዘውን ቦታ ያህል ሳትወስድ በመደርደሪያ ላይ በመቶዎች ትኖራለች። የምትፈልገው 28 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃና የማይቋረጥ መብራት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው፣ ሌሊቷ በሚቀዘቅዝ ጎንደር፣ የቤተ ሙከራው ትልቁ ወጪ ዓሣዋ ሳትሆን ማሞቂያውና መጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ይሆናል።

ዓሣዋ የማትነግረን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ዓሣ ሰው አይደለችም። በሰው ፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ዜብራ ዓሣ ይህን የሚሠራው ዘረ መል የላትም። የዶፓሚን ሴሎቿም እንደ እኛ በመካከለኛው አንጎል አይገኙም። ከዚያም በላይ፣ የሞቱባትን የነርቭ ሴሎች መልሳ የማብቀል አቅም አላት። እኛ ይህ አቅም የለንም። አያታችንን ሃያ ዓመት የፈጀውን ጉዳት እሷ ላይ በሦስት ቀን መርዝ ማስመሰል ደግሞ ምን ጊዜም ማስመሰል ብቻ ነው።

ጉድለቶቿም ቢሆኑ ያስተምራሉ። ሴሎቿ እንዴት መልሰው እንደሚበቅሉ ማወቅ በራሱ ትልቅ ምርምር ነው። የሼፊልዶቹ ዓሣዎች አልፋ ሲኑክሊን ሳይኖራቸው ሴሎቻቸውን ማጣታቸው፣ በሽታው ከአንድ በላይ መንገድ እንዳለው ጠቁሟል።

በእንስሳ ላይ የሠራ ነገር በሰው ላይ ላይሠራ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልንገርዎት። ኮኪው10 የተባለው፣ በየፋርማሲው በሚያምር ጠርሙስ የሚሸጠው ተጨማሪ ንጥረ ነገር፣ በእንስሳት ሙከራ የዶፓሚን ሴሎችን ሲጠብቅ ታይቶ ነበር። ከዚያ በአሜሪካና በካናዳ 600 ታማሚዎች ተመርጠው ከፊሎቹ ኮኪው10፣ ከፊሎቹ ምንም የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ሲወጣ በሁለቱ መካከል የሚጠቅም ልዩነት አልተገኘም። ጠርሙሱ ግን አሁንም ይሸጣል።

ስለዚህ በሙያዬ ከምሠራበት ወገን ሆኜ ሦስት ጥያቄ ልስጥዎት። "ፈውስ ተገኘ" የሚል ዜና ወይም ማስታወቂያ ሲመጣ ይጠይቁ።

አንደኛ፣ የተሞከረው በማን ላይ ነው? ዓሣ ከሆነ ነገሩ ገና በር ላይ ነው። አይጥ ከሆነ ደጃፉን አልፏል። ሰው ካልሆነ ግን ለአባትዎ የሚገዙት ነገር አልተገኘም።

ሁለተኛ፣ ሰው ከሆነ ስንት ሰው? ከምን ጋርስ ተነጻጸረ? "አንድ ሰው ወስዶ ተሻለው" የሚለው ምስክርነት ማስታወቂያ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። ፓርኪንሰን ራሱ ቀን በቀን ይለዋወጣል፤ ማንም በጥሩ ቀኑ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሚናገረው ሰው ይሸጠዋል? የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይዋሻል አልልም፤ እኔም እንጀራዬ ሽያጭ ነው። ግን ሻጭ ስለ ዕቃው የሚናገረውን መርጦ ይናገራል። ያልተናገረውን መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

ምናልባት "ዓሣዎቹን መመረዝ ግፍ አይደለም ወይ?" ብለው አስበው ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎችም ይጠይቁታል። በአውሮፓ ሕግ የእንስሳት ሙከራ ጥበቃ ጫጩቷ ራሷን ችላ መመገብ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ያካትታታል። ብዙ ሙከራዎች ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሚያልቁት በከፊል ለዚህ ነው። በአንዲት ሳህን የሚጣራው ንጥረ ነገር በብዙ አይጦች ላይ ከመሞከርም ያድናል።

ባቄላው እና እንክብሉ

ነገሩ ሁሉ ገና በምርምር ላይ ነው ብለው እንዳያዝኑ፣ ዛሬ በእጃችን ያለ መድኃኒት አለ። ሌቮዶፓ ይባላል። አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ነው። በሽታውን አያጠፋም፤ የደረቀውን ሰውነት ግን ያላቅቃል። ካርቢዶፓ ከተባለ አጋዥ ጋር በአንድ እንክብል ይሰጣል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ደግሞ ከደጋችን ማሳ ጋር ይገናኛል። ሌቮዶፓን እ.ኤ.አ. በ1913 ከተክል ለይቶ ያወጣው በስዊዘርላንድ የሚሠራው ኬሚስት ማርከስ ጉገንሃይም ነው። ያገኘው ከባቄላ ነው፤ ዳባት፣ ደባርቅና ወገራ በክረምት ከሚዘሩት ከዚያው ባቄላ። ጥቅሙ ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚናቸው ተሟጦ የፈዘዙ ጥንቸሎችን በዚህ ንጥረ ነገር ዳግም አስነሳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። በሰው ላይ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ባቄላ፣ ጥንቸል፣ ሰው፦ መንገዱ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። ዜብራ ዓሣ የምታሳጥረው የዚህን መንገድ መጀመሪያ ነው።

"ታዲያ ባቄላ ብናበላቸውስ?" ይሉ ይሆናል። ሌቮዶፓ በብዛት የሚገኘው በለጋው ተክል፣ በእሸቱ ልጣጭና በበቆልቱ ነው፤ በደረቀው ፍሬ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ ሽሮውና ክኩ መድኃኒት አይሆኑም። እሸቱን ያበሉ ጥቂት ትናንሽ ጥናቶች የታማሚዎች እንቅስቃሴ ለጊዜው ሲሻሻል አይተዋል። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ከአንዱ ማሳ የመጣው ከሌላው ይለያል። እንክብል የሚወስድ ሰው በላዩ ብዙ የባቄላ እሸት ወይም በቆልት ቢበላ መድኃኒቱ ሊበዛበት ይችላል። ባቄላ ሲበሉ ደማቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ እሸቱን ለጣዕሙ ይብሉ፤ ልክ ያለው መድኃኒት እንክብሉ ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ቀዳሚው ነገር ማስመርመር ነው። ጎንደር ከተማና አካባቢዋ ያላችሁ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ወይም የነርቭ ሐኪም ልታገኙ ትችላላችሁ። ፓርኪንሰን በአብዛኛው የሚታወቀው በሐኪም ዓይንና እጅ ነው፤ ለማረጋገጥ ሁልጊዜ ውድ ምርመራ አያስፈልግም። ሲሄዱ አረጋዊው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ (ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት) እና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ፓርኪንሰን የሚመስል ምልክት ያመጣሉ፤ እሱ ከሆነ ምክንያቱ፣ መፍትሔው መድኃኒቱን በሐኪም ማስቀየር ነው። ሲኒ ሲያነሱ የሚብስ መንቀጥቀጥም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

እንክብሉ ከታዘዘ፣ ሰዓቱን ይጠብቁ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ የሚሰጡት ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር በአንጀት ይሻማል፤ ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ መውሰድ ይመረጣል። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። በጾም ወራት የሰዓቱን ነገር አስቀድመው ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር ይመካከሩ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ እንክብሉን በኪስ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በየቀኑ መራመድ ከመድኃኒት ቀጥሎ ያለ እርዳታ ነው። ቤት ውስጥ እግር የሚጠልፍ ምንጣፍ ያንሱ፤ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ መያዣ ያስተክሉ። ቁልፍ ያለውን ሸሚዝ በሚጠለቅ ይተኩ። ሲናገሩ ቃሉን ከአፋቸው አይንጠቁ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል።

ብቻዎን አይደሉም። ራሳቸው ከበሽታው ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት የኢትዮጵያ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ስለ በሽታው በአደባባይ መናገርን ለብዙዎች አስተምሯል። በዓለም ዙሪያ የፓርኪንሰን ቀን የሚከበረው ሚያዝያ 3 ነው፤ የጄምስ ፓርኪንሰን የልደት ቀን ስለሆነ። ለትምህርት ቤት ልጆችዎ የሚነግሩት ነገር ከፈለጉ የዓሣዋን ታሪክ ይንገሯቸው፤ አያታቸው ለምን ፈገግ እንደማይሉም ከዚያው ጋር ይረዳሉ።

የተሻለ መድኃኒት ወደፊት ከየት እንደሚመጣ ገና እየተፈለገ ነው፤ መንገዱ በዚያች ትንሽ ዓሣ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ምርምሩ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይውሰድ። ጋሼ ዛሬ በቀን ሦስት ጊዜ እንክብላቸውን ይወስዳሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከልጅ ልጃቸው ጋር እስከ ገበያው ጫፍ ደርሰው ይመለሳሉ። ለዚህ ያበቃቸው አዲስ ግኝት አይደለም፤ አንድ የሐኪም ቀጠሮ ነው። ለወላጅዎ ያን ቀጠሮ በዚህ ሳምንት ይያዙላቸው።